ተዘግቶ የኖረ ክፍል ሲከፈት፦ ከመንካታችን በፊት

ዝገት አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። “ይህን ዕቃ አገኘሁት፣ አጥቤ አሳያችኋለሁ” የሚል ፎቶ በየጊዜው ይለጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ሲለጠፍ ዋናው ነገር ጠፍቷል። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ማንም ባልገባበት ክፍል ውስጥ ያለው ዕቃው ብቻ አይደለም። የት እንደተቀመጠ፣ ጎኑ ምን እንደነበረ፣ በላዩ የተጣለው ጋዜጣ፣ ከሥሩ ያለው የአቧራ ቅርጽ፣ ሁሉም አብረው ይመሰክራሉ። ምስክርነቱ ደግሞ አንዴ ከተናጋ አይመለስም። ስለዚህ ይህ የውይይት ክር የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን በዝርዝር የሚያኖርበት ይሁን።

ከፍለጋው ልጀምር። የተደፈነ ክፍል ለማግኘት ከሜትር የሚበልጥ መሣሪያ የለም። የሕንፃውን ርዝመት ከውጭ ለኩ። ከዚያ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ለክታችሁ የግድግዳዎቹን ውፍረት ደምሩበት። ሁለቱ ቁጥሮች ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ የድሮ ምድጃ፣ ደረጃ ወይም ሙሉ ጓዳ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቋል ብላችሁ ጠርጥሩ። መስኮትም ቁጠሩ። ከውጭ ሰባት፣ ከውስጥ ስድስት ከሆነ አንዱ የት ገባ? ጣሪያው ላይ ያለው ጭስ ማውጫ ከታች ምድጃ ከሌለውም ያው ነው።

ገጠር ውስጥ የጠፋ ፋብሪካ ወይም ሠፈር ለሚፈልግ ሰው የድሮ የአየር ፎቶን ከዛሬ የሳተላይት ምስል ጋር ደርቦ ማየት ያዋጣል። አሜሪካ ኮሮና በተባለው የስለላ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 ያነሳቻቸው ምስሎች በ1995 ምሥጢርነታቸው ተነስቷል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ምስሎች ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን ነገር ለይተው ያሳያሉ። በቀጥታ መስመር የቆሙ ዛፎችን፣ የትም የማያደርስ የኤሌክትሪክ ምሰሶን፣ ጫካ መሐል ድንገት የሚቋረጥ መንገድን ተከተሉ።

እና አንድ ነገር፦ ባለቤት የሌለው ሕንፃ የለም። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ነገር ከሆነ ደግሞ በብዙ አገር ሕጉ የመንግሥት ሀብት ያደርገዋልና ሳትነኩ አሳውቁ።

ጣውላ መርማሪ፦

ዝገት አንባቢ፣ ክሩን ስለከፈትክ እናመሰግናለን። እኔ ወደ ውስጥ ስለመግባት ልጨምር።

በሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው ሰው ሳይሆን አየር ነው። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ራቁ። የአይጥ ኩስ ካያችሁ በደረቁ አትጥረጉ። ሃንታ ቫይረስ ከደረቀ ሽንትና ኩስ ላይ ከአቧራው ጋር ነው የሚነሳው። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ወለሉን አርጥቡ፣ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ በጓንት በወረቀት አንሱ። በረኪናው ዕቃው ላይ እንዳይደርስ። ብረት ያዝጋል፣ ጨርቅ ያነጣል። የርግብ ወይም የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ቦታ ሂስቶፕላዝሞሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ሊኖርበት ስለሚችል የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ቢያንስ ኤን95 የሚባለውን አጣሪ ማስክ አድርጉ።

የድሮ ቧንቧ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ሸካራ መጠቅለያና ከሲሚንቶ የተሠራ ባለ ሞገድ ጣሪያ ስታዩ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) ነው ብላችሁ ተነሱ። ካልተሰበረና ካልተፋቀ ብናኙ አይነሳም። አትጋዙት፣ አትብሱት።

የጣውላ ወለል ላይ የሚስማሩን መስመር እየረገጣችሁ ሂዱ፣ ተሸካሚው ሞራሌ ከሥሩ ያለው እዚያ ነው። ከመርገጣችሁ በፊት ፊት ለፊታችሁን በዱላ ምቱ። ጤነኛ ጣውላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ከወለሉ በፊት ግን ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ቡናማ ክብ ምልክት ካለ ለዓመታት ውኃ እየተንጠባጠበ ነበርና በትክክል ከሥሩ ያለውን ወለል አትመኑት።

ብርሃን ፈላጊ፦

ጣውላ መርማሪ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። ምድር ቤት ወይም የድሮ የውኃ ታንክ ከሆነስ? ሻማ አብርቶ ይዞ መግባት ይበቃል የሚሉ አሉ።

ጣውላ መርማሪ፦

በጭራሽ አይበቃም። ጤነኛ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፣ ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ አይገባም። ሻማ ግን 16 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ መብራቱን ይቀጥላል፣ ማለትም ሰውዬው መፍዘዝ ከጀመረ በኋላም ይበራል። ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ ፍንዳታ ያስነሳል። በተለይ የተዘጋ የብረት ታንክ ያሳስታል፤ ውስጡ ምንም መርዝ ሳይኖር፣ ምንም ሳይሸት፣ ዝገቱ ብቻውን ኦክስጅኑን በልቶ ጨርሶታል። የጋዝ መለኪያ በገመድ አውርዳችሁ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ለኩ። መለኪያ ከሌለ አይገባም። ውስጥ ሰው ከወደቀም ዘሎ መከተል የለም፤ በእንዲህ ያለ አደጋ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ለማዳን የገባው ሰው ነው።

ካርቶን ቆጣሪ፦

ስለ መመዝገብ። ከደጃፉ ሳትገቡ በሰዓት አቅጣጫ እየዞራችሁ አንሱ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ሲሶውን ይደግም። ከዚያ መደርደሪያ በመደርደሪያ፣ መሳቢያ በመሳቢያ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ። ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ዕቃው ላይ አትለጥፉ፣ አጠገቡ አድርጉ። የማጣበቂያ ፕላስተር የድሮ ቫርኒሽንና የታተመ ጽሑፍን ይዞ ይነሳል።

ክፍሉ መቼ እንደተዘጋ ማወቅ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ክፍሉ የተዘጋው ውስጡ ካለው ከሁሉ የቅርብ ጊዜ ዕቃ በኋላ ነው። መሳቢያው ሥር የተነጠፈው ጋዜጣ የ1958፣ ሳንቲሙ የ1961፣ ደረሰኙ የ1963 ከሆነ ከ1963 በፊት አልተዘጋም። የግድግዳ ካላንደር ግን ብቻውን አይታመንም፣ ሰው ሥዕሉን ወዶ ሊተወው ይችላል።

አቧራውንም አንብቡት። ባትሪ በአግድም፣ ወደ ጠረጴዛው ተጠግታችሁ አብሩ። አቧራው ወፍራም ሆኖ መሐሉ ላይ ጠርዙ የተሳለ አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ካለ አንድ ሳጥን በቅርብ ተነስቷል። የአራት ማዕዘኑ ውስጥ ስስ አቧራ ካለበት ከዓመታት በፊት ነው የተነሳው። አንድ ጊዜ በጨርቅ ካለፋችሁበት ይህን የሚነግራችሁ ሌላ ነገር የለም።

ወረቀት ረጥቦ ካገኛችሁ 48 ሰዓት ሳይሞላ አድርቁት። ብዙ ከሆነና ካልቻላችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት፣ ሻጋታው ይቆማል፣ ጊዜ ታገኛላችሁ። ከቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል የወጣ የእንጨት ዕቃም ፀሐይ ላይ አይወጣም፤ ይሰነጠቃል፣ ልባሱ ይላቀቃል። በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይልመድ።

ቫልቭ ወዳድ፦

ባለ ቫልቭ (እንደ አምፖል ያለ የመስታወት ቱቦ ያለው) ሬዲዮ ያገኛችሁ፣ ስፒናውን አትሰኩት። ምክንያቱን በዝርዝር ልጻፍ፣ ብዙ ሬዲዮ የሚሞተው በዓመታቱ ብዛት ሳይሆን በተገኘበት ቀን ነውና።

በወረቀትና በሰም የተሠሩት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) በጊዜ ብዛት እርጥበት ጠጥተው ማገድ ያለባቸውን ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ከሁሉ የከፋው ከመጨረሻው የድምፅ ቫልቭ ግሪድ (ቫልቩን ከሚቆጣጠረው ጫፍ) ጋር የተያያዘው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ0.01 እስከ 0.05 ማይክሮፋራድ። እሱ ካሳለፈ ግሪዱ ላይ ፖዘቲቭ ቮልት ይመጣል፣ ቫልቩ ከልክ በላይ ይስባል፣ ከቫልቩ አልፎ የድምፁን ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ እንደ ካፓሲተር በቀላሉ አይገኝም። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉት ትልልቅ ካፓሲተሮችም በውስጣቸው ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ሥራ ሲፈታ ስለሚሳሳ ሙሉ ቮልት ድንገት ሲያገኛቸው ይሞቃሉ፣ አንዳንዶቹ ይፈነዳሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ። የቫልቮቹን ቁጥር ከነቦታቸው ጻፉ፣ ጽሑፉን በጣት አትጥረጉ፣ በቀላሉ ይለቃል። የሽቦውን ጎማ ልባስ እዩ፤ ሲታጠፍ የሚፈረፈር ከሆነ መለወጥ አለበት። በቴስተር የትራንስፎርመሮቹን ጠመዝማዛ ለኩ፣ የተቆረጠ ካለ ከዚህ በፊት ማወቅ ይሻላል። የቮልት መምረጫው 110 ወይም 127 ላይ ሆኖ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መስመራችሁ 230 ከሆነ ወደ ከፍተኛው አዙሩት። ከዚያ የወረቀቶቹን ካፓሲተሮች በ630 ቮልት የፊልም ካፓሲተር፣ ኤሌክትሮሊቲኮቹን በተመሳሳይ መጠን ለውጡ። ከሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ ከሚያደርገው) ቫልቭ ቀጥሎ ያለውን ካፓሲተር “ትልቅ ይሻላል” ብላችሁ አታግዝፉት፤ ቫልቩ ሲሞላው የሚስበውን ኃይል አይችልም። ኤሌክትሪክ መግቢያው ላይ የተዘረጋው ካፓሲተር ደግሞ ኤክስ2 የሚባለው የደህንነት ደረጃ ያለው መሆን አለበት።

የሻሲውን (ክፍሎቹ የተገጠሙበትን የብረት መደብ) መልክ ማትረፍ ለሚፈልግ፦ የድሮውን የካርቶን ቱቦ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ሰሙ ሲለሰልስ ሆድ ዕቃውን ግፉት፣ አዲሷን ትንሽ ካፓሲተር ውስጡ አስገብታችሁ ጫፎቹን በሰም ድፈኑ። ላዩ ላይ ያለው የፋብሪካ ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል።

ናፍቆት፦

እሺ፣ ግን የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ሰክቶ መንቀልስ?

ቫልቭ ወዳድ፦

እህቴ ናፍቆት፣ ሁለት ሰከንድ ምንም አይነግርሽም፤ ቫልቮቹ ለመሞቅ ከ15 ሰከንድ በላይ ይፈልጋሉ። የምታገኚው አደጋውን ብቻ ነው። ካፓሲተሮቹ ከተለወጡ በኋላ የ60 ዋት ክሩ የሚታይ አምፖል ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ አያይዢ። ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ መጀመሪያ ደመቅ ብሎ ቀስ እያለ ከደበዘዘ ደህና ነው። እንደደመቀ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ወዲያው ንቀዪ። ከዚያ የመጨረሻውን ቫልቭ ግሪድ ከሻሲው ጋር ለኪ፤ ዜሮ ወይም ትንሽ ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ትራንስፎርመር የሌላቸው ሬዲዮዎች ሻሲያቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ስለሚገናኝ በተሰኩበት ሻሲውን መንካት ይገድላል። ነቅለሽም ቢሆን ኤሌክትሮሊቲኩን በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አራግፊው።

ጨለማ ክፍል፦

ውስጡ ፊልም ያለበት ካሜራ ካገኛችሁ የኋላውን ክዳን አትክፈቱ። እንዲያውም በፕላስተር እሰሩት። ፊልም መኖሩን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ መጠቅለያውን ጉብታ በቀስታ ወደ ኋላ አዙሩ፤ ከተቃወመ ፊልም አለ። በትልቁ ጥቅል ፊልም ከኋላ ባለችው ቀይ መስኮት ቁጥር ይታያል። የደረቀ ፊልም በፍጥነት ከተጠቀለለ ይሰበራል፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታም እንደ መብረቅ ያለ ምልክት ያስቀርበታል። ስለዚህ በዝግታ፣ ከተቻለም ብርሃን በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይውጣ።

ተስፋ የሚቆረጥበት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ የተነሱት የስዊድኑ አንድሬና ሁለት ጓደኞቹ ካምፕ በ1930 ክቪቶያ ደሴት ላይ ሲገኝ፣ 33 ዓመት በረዶና እርጥበት የተፈራረቀበት ፊልማቸው ታጥቦ 93 ፎቶ ወጥቶታል። አንታርክቲካ ውስጥ በኬፕ ኤቫንስ የአሳሾች ጎጆም ወደ መቶ ዓመት ያስቆጠሩ 22 የተጣበቁ ኔጋቲቮች ተገኝተው በ2013 ተላቀው ታይተዋል።

አጠባው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያጠፋው። ጥቅሉ ላይ ሲ-22 የሚል ካለ ለፎቶ ቤት የተለመደ አጠባ አትስጡት። ሲ-22 የሚባለው የድሮ የቀለም ፊልም አጠባ በ24 ዲግሪ ነበር፤ የዛሬው ሲ-41 38 ዲግሪ ስለሆነ የፊልሙን ሽፋን ከመደገፊያው ያላቅቀዋል። ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ የቀለም ስላይድ ፊልም ደግሞ ትክክለኛ አጠባው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ካንሳስ በሚገኘው የመጨረሻው ላብራቶሪ ቆሟል። ሁለቱንም እንደ ጥቁርና ነጭ፣ 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ጭጋግ በማያበዛ ዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) ነው ማጠብ። ኤችሲ-110 ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ትንሽ ቤንዞትሪያዞል ቢጨመርበት ጭጋጉን ይቀንሳል። ሁሉንም ከማጥለቅ በፊት ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ሞክሩ።

ብርሃን ፈላጊ፦

የሲኒማ ፊልም ቆርቆሮ ሲከፈት የሚከረክር ሽታ ከወጣስ? የኮምጣጤ አይመስልም።

ጨለማ ክፍል፦

የኮምጣጤ ሽታ ከሆነ አሲቴት የሚባለው የፊልም ዓይነት ነው፣ ፊልሙ እየሞተ ነው እንጂ አይገድላችሁም። ሌላ የሚከረክር ሽታ፣ ቡናማ ቀለም፣ ተለጣፊነት ወይም አረፋ ካለው ግን ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚነድ የድሮ ፊልም ነው፣ በተለይ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ከሆነ። ጠርዙ ላይ “ሴፍቲ” የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ፤ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሬት አይደለም። ናይትሬት ሲቃጠል የራሱን ኦክስጅን ስለሚፈጥር ውኃ ውስጥም መንደዱን አያቆምም፣ ጭሱም መርዝ ነው። የበሰበሰው ደግሞ በ41 ዲግሪ ሙቀት እንኳ በራሱ ሊነሳ ይችላል። ወደ ቀዝቃዛና ነፋሻ ቦታ፣ ከሰው መኖሪያ ውጭ አውጡት፣ አየር በማያስወጣ ዕቃ አትዝጉበት፣ በተራ ፖስታ አትላኩት፣ የፊልም ቤተ መዛግብት ወይም የእሳት አደጋ መከላከያ ጥሩ።

አትጣሉት ግን። በካናዳ ዩኮን፣ ዶውሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 የግንባታ ቁፋሮ ላይ የወጡት ከ500 በላይ የናይትሬት ጥቅሎች በ1929 የድሮ መዋኛ ገንዳ ለመሙላት የተቀበሩ ነበሩ። መሬቱ በረዶ ስለነበረ ተርፈው ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ድምፅ አልባ ፊልሞች ተመልሰዋል።

ሸክላ ሰሚ፦

ስለ ግራሞፎን አጭር ማስታወሻ። ስፕሪንጉን እስከ ጥግ አታጥብቁት። ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ስለሚጣበቅ ድንገት ሲላቀቅ “ዱብ” ይላል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ጥቂት ዙር ብቻ አዙራችሁ አዳምጡ። ሞተሩን ለመፍታት ካሰባችሁ ስፕሪንጉ ሙሉ በሙሉ ይራገፍ፣ ጣት ይቆርጣል። የ78 ዙር ሸክላን በአልኮል አታጽዱ፣ የተሠራበት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። ለብ ባለ ውኃና በአንዲት ጠብታ ሳሙና፣ መሐሉ ያለው ወረቀት ሳይረጥብ ይታጠብ። የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ ነው። የፕላስቲኩን ዘመናዊ ሸክላ በዚህ መርፌ አታጫውቱ፣ በአንዴ ያርሰዋል።

ቀለም አዳሽ፦

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን አንድ ነገር ልቃወም። ሁሉን ነገር ከነአቧራው ማስቀመጥ አይቻልም። የሚሠራ ዕቃ ሠርቶ መታየቱ ለሠሩት ሰዎችም ክብር ነው። የዛገ ብረት እየዛገ ይሄዳል፣ “አትንኩ” ብለን ስንቆም እያለቀ ነው።

ማኖቬላ፦

ቀለም አዳሽ፣ ዝገቱን ማቆም ሁላችንም እንስማማበታለን። ልዩነታችን ማቆምና መለወጥ ላይ ነው። ቀለም ሁለተኛ ሊቀባ ይችላል፣ የመጀመሪያው ግን አንዴ ነው የሚቀባው። የባዮን ስብስብን አስብ። ፈረንሳይ ውስጥ ለሃምሳ ዓመት ገደማ ዳስ ሥር ተረስተው የቆዩ መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ተገኝተው በ2015 ፓሪስ ለጨረታ ሲቀርቡ አልታጠቡም። የመጽሔት ክምር የተጫነበት የነበረው ፌራሪ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ከነአቧራው ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቷል። ከማጆሬ ሐይቅ በ2009 የወጣው የ1925 ቡጋቲ ብሬሻ መኪናም ግማሽ አካሉ ተበልቶ ሳለ አልታደሰም፣ እንደወጣ ነው ለዕይታ የቀረበው።

ሞተር ስለማላቀቅ ግን እጅ ለእጅ እንሥራ። የደረቀ ሞተር በሞተሪኖ አይሞከርም፤ ፒስቶን ሪንግ ይሰብራል። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ ቀዳዳው ውስጥ በካሜራ እዩ፣ የአይጥ ጎጆ ካለ አውጡ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅላችሁ በየሲሊንደሩ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ ሳምንት አቆዩት፣ ሲያልቅ ጨምሩ። አሴቶን ስለሚነድ ብልጭታ አጠገቡ አይኑር። ከዚያ ካንዴላው ተፈትቶ እንዳለ የክራንኩን ዳዶ በረጅም ቁልፍ ይዛችሁ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። አንድ ሚሊ ሜትር ከነቃነቀ ይበቃል፣ በሚቀጥለው ቀን ይጨምራል። ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ የድሮውን ዘይት አፍስሱ፣ የታንኩን ቤንዚን አትጠቀሙ፣ ከሌላ ጀሪካን በቱቦ ስጡት። የአየር ማጣሪያውንና የጭስ ማውጫውን ሳትፈትሹ አታስነሱ፤ በጎጆው ውስጥ ያለው ደረቅ ሣር ይያያዛል።

ከዳሱ ስታወጡትም በሰንሰለት አትጎትቱ። ጎማው ካልዞረ የፍሬኑን ማስተንፈሻ ትንሽ ፍቱት፣ የታፈነው ግፊት ይለቀቃል። አሁንም እምቢ ካለ ከየጎማው ሥር ባለ ሮለር መንሸራተቻ አስገቡ።

ጥልፍ፦

የሲንጀር ስፌት መኪና ላይ ያለውን የወርቅ ጌጥ በአልኮል ወይም አሞኒያ ባለው ማጽጃ የሚያጸዳ ሰው ጌጡን ራሱን ነው የሚጠርገው። የስፌት መኪና ዘይትና ጥጥ ብቻ፣ በቀስታ። የዘይት ቀዳዳዎቹ ከደረቁ ጥቂት ጠብታ ላምባ ጨምራችሁ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁ፣ መሽከርከሪያውን በእጅ አወዛውዙ፣ ሲፈታ ላምባውን ጠርጋችሁ ትክክለኛውን ዘይት ስጡ። መኪናው ላይ ያለው መለያ ቁጥር የተሠራበትን ዓመት ይናገራል። የጽሕፈት መኪና ላገኛችሁም፦ አንዴ ብቻ የሚያልፍ የካርቦን ሪባን ያለው ከሆነ ሪባኑን አትጣሉ፣ የመጨረሻው የተጻፈው ደብዳቤ ፊደል በፊደል ላዩ ላይ ይነበባል።

ብርሃን ፈላጊ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ የድሮ ሰዓትና የአውሮፕላን መለኪያዎች አሉ። አሁን ስለማያበሩ ጨረሩ አልቋል ማለት ይቻላል?

ዝገት አንባቢ፦

አይቻልም። ያለቀው ቀለሙ ውስጥ ጨረር ከሚሰጠው ሬዲየም ጋር የተቀላቀለው ብርሃን ሰጪው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፣ ጨረሩ ቀጥቅጦ ስላጠፋው። ሬዲየም 226 ራሱ ግማሹ ለማለቅ 1600 ዓመት ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የተቀባ ሰዓት ዛሬም ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ በቦታው የገባው ትሪቲየም ግማሹ በ12 ዓመት ገደማ ስለሚያልቅ እሱ በእርግጥ ደክሟል። ትሪቲየም ከሆነ ከስድስት ቁጥር ሥር ብዙ ጊዜ “ቲ” ፊደል አለ።

መስታወቱ ካልተሰበረ አያስደነግጥም፣ አትክፈቱት ብቻ። አደጋው የተፈረፈረው ቀለም በትንፋሽ ወይም በአፍ ሲገባ ነው። የተሰነጠቀውን በጓንት በሁለት የፕላስቲክ ከረጢት አሽጉ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጻፉ። ብዙ መለኪያ ያለው ሳጥን መኝታ ቤት አይቀመጥ፤ ሬዲየሙ ሬዶን የሚባል ጨረር ያለው ጋዝ ስለሚለቅ አየር የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋል። ለሰዓት ሠሪ የምትሰጡ ከሆነም ሬዲየም መሆኑን ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ንገሩት።